'ለድመት ነው ይህ ሁሉ ገንዘብ?'፦ ገዳይ የነበረው የድመቶች በሽታ እና ውድ ሕክምናው

የዳማ ሆድ ማበጥ የጀመረው በጥር ወር መጀመሪያ ላይ ነበር።

ዳማ የአሥር ወር ድመት ነበረች። ናይሮቢ ውስጥ በምኖርበት ግቢ፣ ከቆመ መኪና ሥር ስትጮህ ተገኝታ ነው ወደ ቤት የገባችው። ስሟን ያገኘችው ከቀለሟ ነው። ሆዷ ገፋ ሲል የወፈረች መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ጀርባዋን ስዳብስ ግን አከርካሪዋ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ትኩሳቷን ለክቶ የፀረ ባክቴሪያ መርፌ ሰጣት። ትኩሳቱ አልወረደም። በሌላ ዓይነት ፀረ ባክቴሪያ ተተካ፤ ራጅ ተነሣች፤ የትል መድኃኒት ተሰጣት፤ ሁለት ጊዜ ደም ተቀዳ። በዘጠነኛው ቀን ወደ ሌላ ሐኪም ወሰድኳት። ሐኪሟ ከሆዷ ውስጥ በመርፌ ጥቂት ፈሳሽ ቀዱ። ፈሳሹ ማር የመሰለ ቢጫ ነበር፤ ሲንጠባጠብም ይዝለገለጋል።

"ሁለት ነገር ልንገርዎት" አሉኝ ሐኪሟ። "አንደኛ፣ ይህ በሽታ ካልታከመ ዕድሜዋ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት የሚቆጠር ነው። ሁለተኛ፣ መድኃኒት አለው። ዋጋውን ግን ከመወሰንዎ በፊት ተቀምጠው ያስቡበት።"

ለስድስት ሳምንት የሚያስፈልገው እንክብል ብቻ ከአንድ ወር የቤት ኪራዬ ይበልጥ ነበር። ቀደም ባሉት ዘጠኝ ቀናት ደግሞ የዚያን ግማሽ ያህል በሽታውን በማይነኩ መርፌዎች እና ምንም ባልለወጡ ምርመራዎች ላይ አውጥቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ድመታቸው በጠና የታመመችባቸው ሰዎች ሲያማክሩኝ የምነግራቸው ይህንኑ ነው። ጥያቄው 'ስንት ላውጣ?' ብቻ አይደለም፤ 'መጀመሪያ በምን ላይ ላውጣ?' የሚለውም ነው። ለመሆኑ በሽታው ምንድን ነው? መድኃኒቱስ ለምን እንዲህ ተወደደ?

ከተራ ተቅማጥ ወደ ሞት

በሽታው በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃሉ ኤፍአይፒ ይባላል። መነሻው የድመት ኮሮናቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ ኮቪድ-19ን ካመጣው ቫይረስ ጋር የሩቅ ዝምድና ቢኖረውም ወደ ሰው አይተላለፍም።

በርካታ ድመቶች አብረው በሚኖሩበት ቤት ወይም መጠለያ ውስጥ ቫይረሱ በጣም የተለመደ ነው። የሚተላለፈው በዓይነ ምድር ሲሆን፣ የጋራ መጸዳጃ ሣጥን ዋነኛው መንገድ ነው። አብዛኞቹ ድመቶች ቀላል ተቅማጥ ይይዛቸዋል፤ ወይም ጨርሶ ምልክት ሳያሳዩ ያልፋሉ።

በጥቂቶቹ ላይ ግን ቫይረሱ እዚያው በድመቷ ሰውነት ውስጥ ይለወጣል። ከአንጀት ወጥቶ በሽታን እንዲከላከሉ ወደተሠሩት ነጭ የደም ሴሎች ይገባና በእነርሱ ተሳፍሮ መላ አካልን ያዳርሳል። ድመቷን የሚገድላት ቫይረሱ ብቻ ሳይሆን ሰውነቷ በቫይረሱ ላይ የሚያነሣው ቁጣ ጭምር ነው። የደም ሥሮች ይቆጣሉ፤ ፈሳሽ ያፈሳሉ፤ ሆድ ወይም ደረት በዚያ ቢጫ ፈሳሽ ይሞላል።

'ደረቅ' የሚባለው ሌላው ዓይነት ፈሳሽ ስለሌለው ለመለየት ይበልጥ አስቸጋሪ ነው። ዓይን ይደፈርሳል፤ አንዳንዴም አንጎል ይነካና ድመቷ ስትራመድ ትንገዳገዳለች።

በብዛት የሚጠቁት ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ድመቶች ናቸው። ከዘር ደግሞ ይበልጥ ተጋላጭ ሆነው ከተመዘገቡት አንዱ፣ ለእኛ ስሙ እንግዳ ያልሆነው 'አቢሲኒያን' ነው። (ስሙ ከኢትዮጵያ ይምጣ እንጂ፣ የዘረ መል ጥናቶች የድመቱን መነሻ ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ እና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ጋር ያያይዙታል። የአዲስ አበባ ጓሮ ድመቶች በዚህ ረገድ የሚሰጉበት የተለየ ምክንያት የላቸውም።)

በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ የተገለጸው በአውሮፓውያኑ 1963 በአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ ነው። ከዚያ በኋላ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ኤፍአይፒ የሚለው ቃል ከሐኪም አፍ ሲወጣ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነበር። ሐኪሞች ለባለቤቶች ማጽናኛ እንጂ መድኃኒት አልነበራቸውም።

ከምሥራቅ ኮንጎ የኢቦላ ማዕከላት እስከ ድመቶች

የመድኃኒቱ ታሪክ በእኛው አካባቢ ያልፋል።

በ2018 በዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ኮንጎ ምሥራቃዊ ክፍል ኢቦላ ሲቀሰቀስ፣ አራት ሕክምናዎችን ጎን ለጎን የሚያወዳድር ሙከራ ተጀመረ። ከአራቱ አንዱ ጊሊያድ የተባለው የአሜሪካ መድኃኒት አምራች ያቀረበው ሬምዴሲቪር ነበር። በነሐሴ 2019 ሁለት የፀረ እንግዳ አካል ሕክምናዎች በልጠው በመገኘታቸው ሬምዴሲቪር ከሙከራው ወጣ። ከወራት በኋላ ግን ኮቪድ-19 መጣ፤ ስሙም በመላው ዓለም ተሰማ።

ሬምዴሲቪር ወደ ደም ሲገባ በአብዛኛው ጂኤስ-441524 ወደሚባል ውሕድ ይለወጣል። ለድመቶች የሆነላቸው ይህ ውሕድ ነው።

አሠራሩን በግንባታ መስለን ብናየው ይቀለናል። ቫይረስ የሚራባው የራሱን መልእክት ጡብ በጡብ እየገለበጠ ነው። ውሕዱ ከእነዚያ ጡቦች አንዱን ይመስላል። ቫይረሱ ተሳስቶ ሲያነሣው እና በግንቡ ውስጥ ሲያስገባው ግንባታው ይቆማል።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ፣ አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን ለዚህ በሽታ የሰጡት የእንስሳት ሐኪም ኒልስ ፔደርሰን እና ባልደረቦቻቸው ውሕዱን በተፈጥሮ በታመሙ 31 ድመቶች ላይ ሞከሩት። ውጤቱ በ2019 ታተመ። አምስቱ ሕመማቸው ጠንቶ ስለነበር ሕክምናውን ሳይጨርሱ ሞቱ፤ አብዛኞቹም በጥቂት ቀናት ውስጥ። ቀሪዎቹ 26ቱ የ12 ሳምንቱን ሕክምና ጨረሱ። በአንዳንዶቹ ላይ በሽታው ቢያገረሽም ሕክምናው ሲደገም ከአንዱ በቀር ሁሉም በረጅም ጊዜ ክትትል በሕይወት ተገኙ። ያ አንዱ በሽታው የነርቭ ሥርዓቱን ነክቶ ስላገረሸበት ያለ ሥቃይ እንዲሞት ተደርጓል፤ ከዳኑት አንዱ ደግሞ በኋላ በልብ ሕመም ምክንያት ሞቷል።

'ሁሉም ይሞታሉ' ይባልለት በነበረ በሽታ ላይ ይህ ውጤት ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

መድኃኒቱ ግን ለገበያ አልቀረበም። ኩባንያው ውሕዱን ለእንስሳት ሕክምና ለማዋል ፈቃድ አልሰጠም። በወቅቱ የተዘገበው ምክንያት፣ በድመቶች ላይ ያልታሰበ ጉዳት ቢታይ ተመሳሳይ የሆነው የሰው መድኃኒት ፈቃድ እንዳይሰናከል የሚል ነበር። የንግድ አመክንዮውን መረዳት ይቻላል። መድኃኒት መኖሩን በጽሑፍ እያነበበ ድመቱ ስትሞት ለሚያይ ሰው ግን መዋጥ የሚከብድ ምክንያት ነው።

በፌስቡክ የሚገኝ መርፌ

ክፍተቱን የሞላው ጥቁር ገበያ ነው። የውሕዱ አሠራር በሳይንስ መጽሔት ታትሞ ስለነበር በቻይና ያሉ አምራቾች ማምረት ጀመሩ። ባለቤቶች በፌስቡክ ቡድኖች እየተገናኙ፣ እምብዛም የማያውቋቸው ሰዎች በፖስታ የሚልኩላቸውን ብልቃጥ ተቀብለው ለ84 ቀናት በየቀኑ ድመታቸውን ቤት ውስጥ ራሳቸው ይወጉ ነበር። ፈሳሹ አሲድነት ስላለው መርፌው ያቃጥላል፤ ብዙ ድመቶች ቆዳቸው ቆስሏል። ለአንድ ድመት የሚወጣው ገንዘብ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነበር።

እነዚህ ብልቃጦች ብዙ ድመቶችን አድነዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ተመራማሪዎች ከጥቁር ገበያ የተሰበሰቡ ምርቶችን በቤተ ሙከራ ሲፈትሹ፣ በውስጣቸው ያለው የመድኃኒት መጠን በላያቸው ከተጻፈው እጅግ የተለየ መሆኑን አረጋግጠዋል። መጠኑ የሚሰላው በክብደት ለሆነ መድኃኒት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ሕጋዊው መንገድ የተከፈተው ቀስ በቀስ ነው። በብሪታኒያ ከ2021 ጀምሮ በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ማግኘት ተቻለ። በአሜሪካ የምግብ እና የመድኃኒት አስተዳደር በግንቦት 2024 ባወጣው መግለጫ፣ ሐኪሞች በልዩ ፋርማሲ የተቀመመውን ጂኤስ-441524 ቢያዝዙ እርምጃ እንደማይወስድ አሳወቀ። ስለዚህ በዋሽንግተንም ሆነ በለንደን የሚኖር አንባቢ ዛሬ ወደ ፌስቡክ የሚሄድበት ምክንያት የለውም፤ ሐኪሙን በስሙ ጠርቶ ይጠይቅ።

በድሃ አገራት ላለን ደግሞ ከቆጵሮስ የመጣው ተሞክሮ ይበልጥ ይመለከተናል። በድመቶቿ ብዛት በምትታወቀው በዚህች ደሴት በ2023 ከወትሮው የተለየ የኤፍአይፒ ወረርሽኝ ተቀሰቀሰ። ቫይረሱ ከውሻ ኮሮናቫይረስ ጋር ተዳቅሎ ከድመት ወደ ድመት በቀጥታ መተላለፍ የቻለ ዓይነት ነበር። የሞቱት ቁጥር ብዙ አከራክሯል፤ 300 ሺህ ያሉ ነበሩ፣ የአገሪቱ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ግን 8 ሺህ ገደማ ነው ብሎ ነበር። መንግሥት በነሐሴ ወር ለሰዎች የኮቪድ ሕክምና ተገዝቶ በመጋዘን የተረፈው መድኃኒት ለድመቶች እንዲውል ፈቀደ።

ከመጋዘን የወጣው መድኃኒት ሞልኑፒራቪር ነው። ዋናው አምራች በጥቅምት 2021 በገባው ስምምነት መሠረት፣ ሌሎች ፋብሪካዎች 105 ለሚሆኑ ዝቅተኛ እና መካከለኛ ገቢ ላላቸው አገራት በርካሽ እንዲያመርቱት ተፈቅዷል። ከጂኤስ-441524 ይልቅ የጎንዮሽ ጉዳቱ ስለሚያሰጋ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። ሌላው በማይገኝበት ቦታ ግን አንድ ሐኪም ሊያስበው የሚችል አማራጭ ነው። 'ሐኪም' የሚለውን ቃል የጻፍኩት አውቄ ነው፤ የሰው እንክብልን በግምት ከፍሎ መስጠት ድመቷን በመድኃኒቱ መግደል ሊሆን ይችላል።

ገንዘቡ በምን ቅደም ተከተል ይውጣ?

ሐኪሟ የዳማን ፈሳሽ ከቀዱ በኋላ ያደረጉትን አልረሳውም። በመስታወት ቱቦ ንጹሕ ውሃ አደረጉ፤ አንድ ጠብታ አቼቶ ጨመሩ፤ ቀጥሎ ከዳማ ሆድ የወጣውን ፈሳሽ አንድ ጠብታ ለቀቁበት። ጠብታው አልሟሟም። ቅርጹን እንደያዘ፣ ክር እየጎተተ ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ።

ይህ የሪቫልታ ምርመራ ይባላል። ጠብታው ሟሙቶ ከጠፋ በሽታው ኤፍአይፒ የመሆን ዕድሉ እጅግ ዝቅተኛ ነው። ቅርጹን ከያዘ ደግሞ ጥርጣሬው ይጠናከራል፤ ምንም እንኳ ሌሎች ብግነቶችም ይህንኑ ሊያሳዩ ቢችሉም። ከደም ወይም ከፈሳሹ የሚለካው የሁለት ፕሮቲኖች ጥምርታ ማለትም አልቡሚን ለግሎቡሊን ሲካፈል ከ0.4 በታች ከሆነ ሚዛኑ ወደ ኤፍአይፒ በእጅጉ ያጋድላል። በሽታውን ለብቻው የሚያረጋግጥ ቀላል የደም ምርመራ የለም። 'የኮሮናቫይረስ ምርመራ' ተብሎ ለሚሸጠው መክፈልም እምብዛም አይጠቅምም፤ ጤነኛ ድመቶችም ቫይረሱን ስለሚይዙ ውጤቱ የተጠየቀውን ጥያቄ አይመልስም።

ውሃ እና አቼቶ ከሁሉም ርካሹ ምርመራ ነበር። እኔ ግን የደረስኩበት ከሁሉም በኋላ ነው።

ለማንኛውም ውድ ሕክምና የሚያገለግል አንድ ጥያቄ አለ፦ 'የዚህ ምርመራ ውጤት የሚሰጣትን ሕክምና ይለውጠዋል?' መልሱ 'አይለውጠውም' ከሆነ፣ አቅም ያለው ሰው ለማወቅ ያህል ሊከፍል ይችላል። አቅሙ ውስን የሆነ ሰው ግን ገንዘቡን ለመድኃኒቱ ያቆየው። ጥሩ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቀየምም።

ሁለተኛው ነገር በእጅ ያለውን ገንዘብ መጠን ከመጀመሪያው መናገር ነው። ለእኛ ይህ ይከብደናል። 'የለኝም' ማለት ያሳፍራል፤ ስለዚህ አንገታችንን ነቅንቀን እንስማማና በሦስተኛው ቀን ድመቷን ይዘን እንጠፋለን። ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ገንዘቡም ሕክምናውም በግማሽ ይቀራል። የዋጋ ግምቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ቀጥሎም 'በዚህ መጠን የተሻለው ምንድን ነው?' ይበሉ። ብዙ የእንስሳት ሐኪሞች ከሙሉ እስከ መጠነኛ የሚደርስ የሕክምና አማራጭ ማቅረብን ዛሬ የሙያቸው አካል አድርገው ይማራሉ።

የሕክምና ዋጋ ባደጉት አገራትም ራስ ምታት ሆኗል። የብሪታኒያ የገበያ ውድድር ተቆጣጣሪ በግንቦት 2024 በእንስሳት ሕክምና ዋጋ ላይ መደበኛ ምርመራ ከፍቷል። እዚያ ግን ከ1917 ጀምሮ የድሆችን እንስሳት የሚያክመውን ፒዲኤስኤን የመሰሉ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች እና የእንስሳት መድን አሉ። በእኛ ከተሞች ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ ከሐኪሙ ጋር ብቻውን ነው የሚነጋገረው።

ስለ መድኃኒቱ መጠን ሁለት ጠቃሚ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው በ2024 ከጀርመን የታተመ ጥናት ነው። ሆዳቸው ወይም ደረታቸው ፈሳሽ በያዘ 40 ድመቶች ላይ የተደረገው ይህ ጥናት የ42 ቀን ሕክምና ከተለመደው የ84 ቀን ጋር እኩል ውጤት እንዳለው አሳይቷል። ወጪው በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ዓይን ወይም አንጎል የተነካባቸውን ድመቶች ግን ይህ ውጤት አይወክልም።

ሁለተኛው፣ መድኃኒቱ ከሠራ ቶሎ ነው የሚታወቀው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትኩሳት ይወርዳል፤ ድመቷ መብላት ትጀምራለች። ስለዚህ በቅድሚያ የአንድ ሳምንት መድኃኒት ብቻ ገዝቶ ማየት ይቻላል። እኔ ይህን የሚነግረኝ ሰው ስላላገኘሁ የስድስቱን ሳምንት በአንድ ጊዜ ገዛሁ።

ለከብት የተሠራ ሥርዓት

በምሥራቅ አፍሪካ የእንስሳት ሕክምና ባለ ብዙ ልምድ ሙያ ነው። በ1979 የተቋቋመው የቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በርካታ ትውልድ ሐኪሞች አፍርቷል። ሙያው የተገነባው ግን በከብት፣ በበግ እና በፍየል፣ በግመል እና በጋማ ከብት ዙሪያ ነው። የሕዝብ ኑሮ በእነርሱ ላይ ስለተመሠረተ ይህ ትክክል ነው። ድመት በዚህ ሥርዓት ውስጥ ዘግይታ የመጣች እንግዳ ናት።

ውጤቱ ቤት ውስጥ ይታያል። ቅርብ ክሊኒክ የሌለው ሰው ወደ መድኃኒት ሣጥኑ ይሄዳል፤ እዚያ ያለው ፓራሲታሞል ነው። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት የሚያስወግድበት አቅም የለውም ማለት ይቻላል። ለሰው ራስ ምታት የምንውጠው አንድ እንክብል ድመትን ሊገድል ይችላል። አይቡፕሮፌንም እንዲሁ አደገኛ ነው። ለውሻ ቁንጫ የሚሸጥ ፐርሜትሪን ያለበት ፈሳሽም ለድመት መርዝ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ በአካባቢያችን ሊረሳ የማይገባው የእብድ ውሻ በሽታ አለ። ክትባት ያልወሰደች ድመት ድንገት ጠባይዋ ከተለወጠ፣ ለሃጭ ካዝረከረከች፣ ያለ ምክንያት ከተናከሰች አትንኳት። የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በብዙ ውሃ እና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ለዚያ በሽታ በየትኛውም ዋጋ የሚገዛ መድኃኒት የለም።

ሁሉም ከባድ ሕመም ኤፍአይፒ አይደለም። የገንዘቡ ስሌትም እንደ ሕመሙ ይለያያል። ወንድ ድመት ሽንት ሽቶ እየተመላለሰ ጠብ የማይልለት ከሆነ የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ይህ በሰዓታት የሚቆጠር አደጋ ነው፤ እስከ ነገ አይደርም። የአረጀች ድመት የኩላሊት ድካም ደግሞ ተቃራኒው ነው። አይድንም፣ ነገር ግን ባለቤቱ ከሐኪም ተምሮ ቤት ውስጥ ከቆዳ ሥር በሚሰጠው ፈሳሽ እና በተስማሚ ምግብ ብዙ ጥሩ ወራት ሊገኙ ይችላሉ።

'አንቺ ልጅ፣ ለድመት ነው?'

አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ዋጋውን በስልክ ስነግራት ለአፍታ ዝም አለች። "አንቺ ልጅ፣ ለድመት ነው?" አለችኝ። እናቴ ጨካኝ አይደለችም። ባደግኩበት ቤት ድመት ነበረች፤ አይጥ ትይዛለች፣ ከምድጃው አጠገብ ትተኛለች፣ ስትሞት ሌላ ትመጣለች። ለሰው መታከሚያ የሚያጣ ዘመድ እያለ ለድመት ወር ሙሉ የሚበቃ ገንዘብ ማውጣት ለእርሷ ነውር ቢመስላት አልፈረድኩባትም።

ለዚህ ጥያቄ ሁሉንም የሚያስማማ መልስ የለኝም። ያለኝ አንድ ሐሳብ ነው። ለድመት ገንዘብ ማውጣት ግዴታ አይደለም፤ ላለማሠቃየት መጣር ግን ግዴታ ነው። ማሳከም ያልቻለ ሰው ጥፋተኛ አይደለም። እያየ ዝም ካለ ግን ሌላ ነገር ነው። በላሙ ደሴት ዓሣ አጥማጆች ሲመለሱ የሚጠብቋቸው ድመቶች ባለቤት የላቸውም፤ ግን ሲራቡ የሚያይ ዝም አይላቸውም።

ከሁሉም የሚከብደው የማቆሚያው ሰዓት ነው። ሐኪሟ የሰጡኝ ምክር ቀላል ነበር፦ የቀን መቁጠሪያ ላይ በየቀኑ ምልክት ማድረግ። በላች? ጠጉሯን ላሰች? ስትጠራ መጣች? ወይስ ከአልጋ ሥር ተደብቃ ዋለች? መጥፎዎቹ ቀናት ከጥሩዎቹ ሲበልጡ፣ ሕክምናው የሚያረዝመው ሕይወቷን ሳይሆን ሕመሟን ነው ማለት ነው።

ሐኪም ድመትን ያለ ሥቃይ እንድትሞት የሚያደርገው በደም ሥር በሚሰጥ ከፍተኛ መጠን ያለው ማደንዘዣ ነው። ትተኛለች፤ በደቂቃዎች ውስጥም ትንፋሿ ይቆማል። ብዙዎቻችን ነፍስ በራሷ ጊዜ ትውጣ ብለን ይህን እንሸሻለን። እምነቱን አከብራለሁ። ደረቷ ፈሳሽ የሞላ ድመት በራሷ ጊዜ ስትሞት ግን አየር አጥሯት ነው። 'በተፈጥሮ ትሙት' የሚል ሰው የሚመርጠው ይህን መሆኑን ይወቅ።

ዳማ እንክብሉን የጀመረችው በ11ኛው ቀን ነው። ድዷ እና የጆሮዋ ውስጥ ያኔ ቢጫ ሆኗል። ትኩሳቷ በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቀን አልወረደም። በአራተኛው ቀን ጠዋት መቆም አቃታት፤ ትንፋሿም ፈጠነ። ሐኪሟ ጋ ደወልኩ። "ይምጡ፣ እኔ እጠብቅዎታለሁ" አሉኝ። ስትሞት ጭንቅላቷ መዳፌ ላይ ነበር።

በዚያው ቀን ማታ እናቴ ደወለች። ከሰላምታ በፊት "ያቺ ነፍስ እንዴት አደረች?" አለችኝ።

የቀረውን የ38 ቀን እንክብል ለክሊኒኩ ሰጠሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐኪሟ መልእክት ላኩልኝ። እንክብሉ ለአንዲት የሰባት ወር ጥቁር ድመት ተሰጥቷል፤ ሕመሟ የታወቀው ሆዷ ማበጥ በጀመረ በሁለተኛው ቀን ነው። መልእክቱ ከፎቶ ጋር ነበር፤ ድመቷ በወጥ ቤት ሚዛን ላይ ተቀምጣለች፣ ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ይላል።